የታካሚው መክሰስ የማን ኃላፊነት ነው?

ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የእራት ጋሪ ይዞራል። እንጀራና ወጥ ለየአልጋው ይታደላል፤ ሳህኑ ከራስጌ ባለው ኮመዲኖ ላይ ይቀመጣል፤ ጋሪው ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል። አስታማሚ ያለው ታካሚ ይጎርሳል። አስታማሚ የሌለው፣ በዚያ ላይ ግሉኮስ ቀኝ እጁ ላይ የተተከለለት፣ ሳህኑን እያየ ይተኛል። በቀኝ እጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፤ መርፌው ቀኝ እጅ ላይ ሲገባ የታካሚው እራትም አብሮ ይታሰራል። ቆየት ብሎ ሳህኑ ይሰበሰባል። ታካሚው ምን ያህል እንደበላ ካርዱ ላይ የሚጽፍ የለም።

በዚያው ግቢ፣ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል አለ። እዚያ ምግብ የሚሰጠው በሚሊ ሊትር ተለክቶ ነው። ኤፍ 75 የሚባለው ወተት እንደ ልጁ ክብደት ተሰልቶ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ ይቀርባል። ነርሷ የሰጠችውን መጠን፣ ልጁ የጠጣውንና ያስተረፈውን፣ ካስመለሰም ማስመለሱን ቅጹ ላይ ትሞላለች። አልጠጣም ካለ በአፍንጫው በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። እየበረታ ሲሄድ ወደ ኤፍ 100 ወተት ወይም ፕላምፒ ነት ወደሚባለው የለውዝ ምግብ ይሸጋገራል። ልጁ በየማለዳው ይመዘናል። ክብደቱ ካልጨመረ ሐኪሙ ምክንያቱን ይጠይቃል።

እነዚህ ሁለት ክፍሎች በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ሜዲካል ዳይሬክተር ሥር ያሉ ናቸው። በአንደኛው ምግብ እንደ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ይለካል፣ ይመዘገባል። በሌላኛው ለዕድልና ለዘመድ ይተዋል። ስለዚህ ሆስፒታሎቻችን ምግብ ሕክምና መሆኑን አያውቁም ማለት አይቻልም። ያውቃሉ፤ የሚያውቁትን ግን ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል አላሻገሩትም። ለማሻገር ደግሞ አዲስ ወጥ ቤት እስኪገነባ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዋና ዋና ምግቦች መካከል ከሚቀርብ መክሰስ መጀመር ይቻላል።

የቆየ ቸልታ

ተኝቶ የሚታከም ሰው በምግብ መጎዳቱ የድህነት ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሀብታሞቹ አገሮች ገና ድሮ በተገላገሉት ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ሕሙማን እንክብካቤ ባሳተመችው መጽሐፍ ለምግብ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥታ፣ ታካሚ ምግብ በሞላበት ቤት የሚራበው ሰዓቱን፣ አቀራረቡንና የታካሚውን አቅም የሚያስተውል ሲጠፋ እንደሆነ ተከራክራለች። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ቻርልስ ባተርወርዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ታካሚዎች ለምግብ እጥረት የሚዳረጉት እዚያው ሆስፒታል አልጋ ላይ መሆኑን ጽፎ ባልደረቦቹን ወቀሰ። ከዘረዘራቸው ጎጂ ልማዶች መካከል የታካሚን ቁመትና ክብደት አለመመዝገብ፣ ለቀናት በግሉኮስና በሳላይን ብቻ ማቆየት፣ ለምርመራ ሲባል ደጋግሞ ምግብ መከልከል፣ ምን ያህል እንደበላ አለመከታተል ይገኙበታል። ከ50 ዓመት በኋላም ዝርዝሩ ለእኛ ሆስፒታሎች እንግዳ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ወቀሳውን በቁጥር አጠናከሩት። እ.ኤ.አ. በ1994 በስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ የተደረገ ጥናት ሆስፒታል ሲገቡ ከተመረመሩ 500 ታካሚዎች 200ው በምግብ እጥረት የተጎዱ መሆናቸውን አሳየ፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ካርድ ላይ ስለ አመጋገባቸው የተጻፈ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 በ25 አገሮች በሚገኙ ሆስፒታሎች ከ16 ሺህ በላይ ታካሚዎች በአንድ ቀን ምን እንደበሉ ሲጠየቁ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀረበላቸውን ምግብ አልጨረሱም። ትንሽ የበሉት ታካሚዎች በሆስፒታል ቆይታቸው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ምግብ ያልወሰደ ሰው የሚሞተው ቀድሞውኑ በጠና የታመመ ስለሆነ ነው የሚል መከራከሪያ ይነሳ ነበር። ለዚህ የተሻለው መልስ ከስዊዘርላንድ መጣ። በስምንት ሆስፒታሎች 2,088 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የሆስፒታሉን መደበኛ ምግብ እንዳገኙ ቀጠሉ። ለሌሎቹ የሥነ ምግብ ባለሙያ ለየአንዳንዳቸው ግብ አውጥቶ የሚወዱትን እየጠየቀ፣ ምግባቸውን እያበለጸገ፣ በመሐል መክሰስ እየጨመረ ተከታተላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በ30 ቀናት ውስጥ ከመደበኛዎቹ 10 በመቶ ሲሞቱ ክትትል ከተደረገላቸው የሞቱት 7 በመቶ ናቸው። ይህ ማለት ወደ 37 ታካሚዎች በወጉ ሲመገቡ የአንድ ሰው ሕይወት ይተርፋል ማለት ነው። ይህን ያመጣው አብዛኛው ሥራ በአፍ የሚበላ ምግብና የባለሙያ ክትትል ነበር፤ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም።

ግሉኮስ ምግብን አይተካም

በአገራችን ይህን ችግር ከሚሸፍኑት ነገሮች ዋናው ግሉኮስ ነው። "እህል በአፉ ባይዞርም ግሉኮስ ተሰቅሎለታል" ሲባል ቤተሰብ ይረጋጋል፤ ታካሚውም የተመገበ ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ብቻ ነው። ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት ከ170 እስከ 200 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን ነው፤ ይህም አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ሙዝ ከሚሰጡት ጋር ይስተካከላል። እንቁላሉ ግን በዚያ ላይ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ግሉኮሱ ምንም ፕሮቲን የለውም።

ክብደቱ 50 ኪሎ የሆነ ታካሚ በቀን ከ1,250 እስከ 1,500 ኪሎ ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ ቢያንስ 50 ግራም ያስፈልገዋል። ትኩሳት፣ ቃጠሎ ወይም ትልቅ ቁስል ካለበት ፍላጎቱ ይጨምራል። ይህን ከምግብ ካላገኘ ሰውነቱ ከራሱ ጡንቻ ይወስዳል። ጡንቻው የሳሳ ታካሚ አክታውን ገፍቶ ለማውጣት አቅም ያንሰዋል፤ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ከአልጋው ተነስቶ መራመድ ያቅተዋል፤ ጀርባው ይቆስላል። የተሰፋው ቁስል ቶሎ አይጋጠምም። ቤተሰቡ "በሽታው ጠናበት" የሚለው ድካም ከፊሉ ረሃብ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለብዙ ቀናት ምግብ ያልቀመሰን ሰው በአንድ ጊዜ ማጥገብ አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ወርደው ልብን ሊጎዱ ይችላሉ። የሕፃናት ክፍሉ በኤፍ 75 ቀስ ብሎ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ትንሽ ትንሽ እያሉ በየመሐሉ መመገብ ለተዳከመ አዋቂም ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። የሆስፒታል መክሰስ ከሕክምና የሚቆጠርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ረጅሙ ሌሊት

እራት 11 ሰዓት ላይ ቀርቦ ቁርስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከመጣ በመሐሉ 15 ሰዓት አለ። ጤነኛ ሰው ይችለዋል። ማታ ኢንሱሊን የተወጋ የስኳር ታካሚ ግን ሊከፍልበት ይችላል። ኤን ፒ ኤች የሚባለውና በመንግሥት ሆስፒታሎች በብዛት የሚሰጠው ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከሰዓታት በኋላ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። እራቱን ግማሽ ብቻ የበላ ታካሚ መርፌውን ሙሉ ከወሰደ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ የሚሰጥ አንድ ብርጭቆ ወተት ከቁራሽ ዳቦ ጋር ብዙ አደጋ ያስቀራል።

ሁለተኛው ረጅም ሌሊት የኦፕሬሽን ተራ ጠባቂው ነው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብም ውሃም እንዳይቀምስ ይነገረዋል። ተራው ሳይደርስ ቀኑ ይመሽና ለነገ ይተላለፋል። ማታ እራት አልፎታል፤ በማግሥቱም ባዶ ሆዱን ይውላል። ዛሬ ተቀባይነት ያላቸው የማደንዘዣ ሕክምና መመሪያዎች በጥቅሉ ቀለል ያለ ምግብ ከኦፕሬሽኑ ስድስት ሰዓት፣ ውሃ ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማቆም ለአብዛኛው ታካሚ በቂ እንደሆነ ይናገራሉ። ከሰዓት በኋላ ተራው ለሚደርስ ሰው ጠዋት በጊዜ ሻይና ዳቦ መስጠት ይቻላል። ተራው የተሰረዘበት ታካሚ ደግሞ ወዲያውኑ እንዲነገረውና እንዲበላ የሚያደርግ አንድ ሰው ሊመደብ ይገባል። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም፤ የኦፕሬሽን ክፍሉና የተኝቶ ታካሚ ክፍሉ በስልክ መነጋገራቸው ይበቃል።

አስታማሚና ጠያቂ

የታካሚውን ምግብ እስካሁን ተሸክሞ የኖረው ቤተሰብ ነው። አጥሚቱን በፔርሙስ፣ ፍትፍቱን በምሳ ዕቃ ይዛ ሁለት ታክሲ ቀይራ የምትመጣ እናት ወይም እህት ባትኖር ብዙ ሰው ከሆስፒታል አልጋ ላይ ባልተነሳ ነበር። ዘመድ ሲያጎርስ የታመመው ሰው ይበላል፤ የማንም ዲየት ወጥ ቤት ይህን አይተካውም። ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት ኮመዲኖውን ይሞላዋል።

ችግሩ ይህ ደግነት መሪ የሌለው መሆኑ ነው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ታካሚ ሙዝና ብርቱካን ሲበላ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም በደሙ ተጠራቅሞ የልብ ምቱን ሊያዛባ ይችላል። የስኳር ታካሚው ራስጌ ለስላሳና ጁስ ይደረደራል። ጉበቱ ታሞ ሰውነቱ ላበጠ ሰው ጨው የበዛበት ወጥ ከቤት ይመጣል። ጠያቂው ማንንም መጉዳት አይፈልግም፤ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት የነገረው ሰው ግን የለም። በየክፍሉ በር ላይ በግልጽ አማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የሚለጠፍ አንድ ገጽ፣ ከዚያም ነርሷ ለአስታማሚው የምትሰጠው የሁለት ደቂቃ ምክር ብዙ ነገር ያስተካክላል።

ከዚህ የሚብሰው ጠያቂ የሌለው ሰው ነው። ከገጠር ሪፈር ተጽፎለት ወደ ትልቅ ከተማ የመጣ ገበሬ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ፖሊስ ያመጣው፣ አስታማሚው ገንዘብ አልቆበት ወደ አገሩ የተመለሰበት ታካሚ አለ። በአንዱ አልጋ ኮመዲኖ ላይ ብርቱካን ሲሻግት በጎኑ ያለው ባዶ ነው። ታካሚዎች እርስ በርስ ይካፈላሉ፤ የሰው አስታማሚ የሰውን ታካሚ ታጎርሳለች። ይህ የሕዝባችን ጨዋነት ነው፤ የሆስፒታል የአሠራር ሥርዓት ሆኖ ግን ሊቆጠር አይገባውም።

ጾምም ከዚህ ጋር መታየት አለበት። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም በፍልሰታም ወተትና እንቁላል አልቀምስም የሚሉ አረጋውያን በየክፍሉ አሉ፤ በረመዳንም ታመው መጾም የሚፈልጉ ሙስሊሞች አሉ። በሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው፤ የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ሲናገሩት ታካሚው ይቀበለዋል፤ ከሐኪም ሲሰማው ግን ላይቀበለው ይችላል። ፈቃዱን ባይጠቀምበት እንኳ የጾም ምግባችን ባዶ አይደለም። የሱፍ ፍትፍት፣ የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ የሽምብራ ሹሮ፣ ተልባ፣ አቮካዶ ፕሮቲንና ጉልበት ይሰጣሉ። የሚያስፈልገው ነርሷ በመጀመሪያው ቀን "ይጾማሉ ወይ፣ አባባ?" ብላ ጠይቃ መልሱን ካርዱ ላይ መጻፏ ነው።

ምን ይቅረብ?

የሆስፒታል መክሰስ ማለት ብስኩትና ሻይ ማለት አይደለም። ሻይና ደረቅ ብስኩት ሆድ ይሞላሉ፤ ቁስል ግን አይሽሩም። በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበትና ፕሮቲን የያዘ፣ ለማኘክ የማያስቸግር፣ በግራ እጅ በማንኪያ ወይም በብርጭቆ የሚወሰድ ነገር ነው የሚፈለገው። አንድ ብርጭቆ ወተት 150 ኪሎ ካሎሪና 8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። አንድ ጭብጥ የተፈጨ ለውዝ፣ ማለትም 30 ግራም፣ ወደ 170 ኪሎ ካሎሪና 7 ግራም ፕሮቲን አለው። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ተጨምረው ከላይ የጠቀስነው ባለ 50 ኪሎ ታካሚ ከሚያስፈልገው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ይሸፍናሉ፤ ከፕሮቲኑም እንዲሁ ሲሶ የሚጠጋውን።

እውቀቱም ምርቱም እዚሁ አለ። ወተትና ለውዝ የገባበት አጥሚት፣ በማርና በወተት የተበጠበጠ በሶ፣ እርጎ፣ እንቁላል የተመታበት የአጃ ሾርባ እናቶቻችን ለታማሚ ሲያቀርቡት የኖሩ ናቸው። ፋፋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ ለሕፃናት ሲዘጋጅ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር የማዋሃድ ዘዴ በአገራችን በፋብሪካ ደረጃ ተጀምሯል። አንዱ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ የሚይዘው ፕላምፒ ነት አገራችን ውስጥ ይመረታል፤ ክብደታቸው ለወረደ የኤች አይ ቪ ታካሚ አዋቂዎችም እንደ መድኃኒት በማዘዣ የሚሰጥበት አሠራር ነበር። ስለዚህ ምግብን ለአዋቂ በማዘዣ መስጠት ለእኛ ጤና ሥርዓት አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ከዚህም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ለወላዶች ገንፎ ይገነፋል፤ ቡና ይፈላል። ይህ የተጀመረው እናቶች ቤታቸው ከመውለድ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም እንዲመጡ ለማበረታታት ነው። የገንፎው ዱቄት ከማኅበረሰቡ ተዋጥቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ምጣዱና ድስቱ ተገዝቶ ተሠራ። በጀት የለም ሳይባል መንገድ ተገኘለት፤ ምክንያቱም የጤና ሥርዓቱ ፈልጎታል።

ወጪውና ቁጥጥሩ

በእርግጥ ወጪ አለው። የምግብ ዋጋ በናረበት ጊዜ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ መድኃኒትና ኦክስጅን ለመግዛት ሲጨነቅ ወተት ግዛ ማለት ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንድ ታካሚ አቅም አንሶት ከሚገባው በላይ አልጋ ሲይዝ፣ ቁስሉ አልጋጠም ብሎ ዳግም ሲከፈት፣ ተጨማሪ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝለት ገንዘቡ በሌላ በኩል ይወጣል። የበጀት ሠንጠረዡ ወተቱን ያሳያል፤ በረሃብ የረዘሙትን የአልጋ ቀናት ግን አያሳይም።

ደግሞም ሁሉም ታካሚ አንድ ዓይነት መክሰስ አያስፈልገውም። ሲገባ ይመዘን፤ መቆም ካልቻለ ክንዱ በሜትር ይለካ። ክብደትህ ቀንሷል ወይ? ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ምግብ አልወሰድ ብሎሃል ወይ? የሚያጎርስህ ሰው አለ ወይ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በጣም የተጎዱትን ለይተው ያወጣሉ። በቂ ገንዘብ ከሌለ ለእነሱ ይጀመር።

ቁጥጥሩ ላይ አንድ መሠረታዊ ስህተት አለ። ብዙ ሆስፒታሎች በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው መሠረት የምግብ አቅርቦቱን ለግል ድርጅት ወይም ለማኅበራት በውል ሰጥተዋል። ውሉ የሚቆጥረው የቀረበውን ሳህን ነው፤ የተበላውን አይቆጥርም። አቅራቢው ሳህኑን ካደረሰ ክፍያውን ያገኛል፤ ሳህኑ እንዳለ ቢመለስም ማንም አይጠየቅም። የውሉ መለኪያ ተቀይሮ የተመለሰ ምግብ በየቀኑ ቢመዘገብ አቅራቢውም ምግቡን፣ ሆስፒታሉም ሰዓቱንና አቀራረቡን እንዲያስተካክሉ ይገደዳሉ። አዲስ አበባ ለተማሪዎቿ ምገባ እናቶችን አደራጅታ በየትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ማቆም ችላለች። ያ ልምድ ወደ ሆስፒታል ግቢ የማይሻገርበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለሙያም አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ምግብ ተመራቂዎችን ያወጣሉ፤ በተኝቶ ታካሚ ክፍል ተመድበው ከሐኪሙ ጋር ራውንድ የሚዞሩት ግን ጥቂት ናቸው። የኩላሊቱን፣ የስኳሩን፣ የጾመኛውንና የካንሰር ታካሚውን መክሰስ ለይቶ የሚያዝ ሰው ሳይኖር ሥራውን ሁሉ በነርሷ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። አንዲት ነርስ በፈረቃዋ ስንት ታካሚ እንደምትይዝ እናውቃለን።

በሰቆጣ ቃል ኪዳን አገራችን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ገብታለች፤ የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲም አውጥታለች። ሕፃናትና እናቶች መቅደማቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በሆስፒታል አልጋ ላይ ያለው አዋቂ የእነዚያ ሕፃናት አባትና አያት ነው፤ ድኖ ወደ እርሻው ወይም ወደ ሥራው ሲመለስ ነው ቤቱ የሚበላው።

ስለዚህ የታካሚው መክሰስ ኃላፊነት የሆስፒታሉ ነው። ቤተሰብ ያግዛል፣ በጎ አድራጊ ይደግፋል፣ አቅራቢው ያበስላል፤ ታካሚው መብላቱን የማረጋገጥ ግዴታ ግን ያስተኛው ተቋም ነው። ጤና ሚኒስቴር በተኝቶ ታካሚ ካርድ ላይ ከትኩሳቱ፣ ከደም ግፊቱና ከትንፋሹ ቀጥሎ ታካሚው የበላውን የሚያሳይ አንድ መስመር ይጨምር፤ ምንም፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ ተብሎ ይሞላ። ሐኪሙ ጠዋት ራውንድ ሲዞር ሁለት ቀን በተከታታይ "ምንም" የሚል ካየ፣ ትኩሳቱ 39 ሲደርስ የሚጠይቀውን ያህል ይጠይቅ። ያ መስመር በሕፃናት ክፍል መሞላት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ብዙ ልጆችንም አትርፏል። ለአዋቂዎቹ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ውሳኔ ነው።